ለትምህርት ቤት ባንድ ሆርን ስንመርጥ፦ ጥቂት ገንዘብ፣ ብዙ ጥያቄ

ዓይን ያላወጣ እንጀራ ይበላል፤ ወጥ ግን አይዝም። ሆርን የሌለበት የትምህርት ቤት ባንድም እንደዚሁ ነው። ትራምፔቱ ከላይ ያስተጋባል፣ ቱባው ከታች ያጉረመርማል፣ ክላርኔቶቹ በመሃል ይሯሯጣሉ፤ ሁሉን አያይዞ አንድ ድምፅ የሚያደርጋቸው ግን ጎድሏል። ያ የጎደለው ሆርን ነው። ብዙዎች ፍሬንች ሆርን ይሉታል፤ የዓለም የሆርን ተጫዋቾች ማኅበር ግን በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስሙ በአጭሩ «ሆርን» እንዲባል መክሯል፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

በእንግሊዝ የሙዚቃ መምህራን ሆርንን ከኦቦና ከባሱን ጋር «ለመጥፋት የተቃረቡ መሣሪያዎች» ብለው ከመደቡት ቆይተዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ውድ መሆኑ፣ ሁለተኛው ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው መባሉ። በለንደን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ልጆች ብዙዎቹ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ገንዘባቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ የወላጆች ኮሚቴው እና ልጁ ሆርን የመረጠበት አባት ወይም እናት አንድ ጥያቄ ይጋራሉ፦ በዚህች ገንዘብ ምን እንግዛ? ይህ ዳሰሳ ያሉትን አማራጮች ከፋፍሎ አይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል።

ለምን ተወደደ? ለምንስ ከበደ?

ሆርን የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ ነው። በኤፍ ቃና የተሠራው ሆርን ቢዘረጋ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በቢ-ፍላት የተሠራው ደግሞ 2.75 ሜትር ገደማ። ልጁ ይህን ሁሉ ቱቦ በጠባብ ማውዝፒስ በኩል በከንፈሩ ያንቀጠቅጠዋል፤ በግራ እጁ ቫልቮቹን ይጫናል፤ ቀኝ እጁን በሰፊው አፍ ውስጥ ከትቶ ድምፁን ያለሰልሳል። ቫልቮቹ እንደ ትራምፔት ወደ ታች የሚወርዱ ሳይሆኑ በአብዛኛው የሚሽከረከሩ ናቸው፤ እነሱን በትክክል ፈልፍሎ መግጠም የእጅ ሙያ ይጠይቃል። ዋጋውን የሚያንረው ይህ ሥራ ነው።

ለጀማሪ መክበዱ የሚመጣው ደግሞ ከድምፅ ተፈጥሮ ነው። ማንኛውም ቱቦ ቫልቭ ሳይነካ የሚያወጣቸው የተፈጥሮ ድምፆች አሉት። እነዚህ ድምፆች ከታች ተራርቀው ይጀምሩና ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይቀራረባሉ። ሆርን ከሌሎቹ የናስ መሣሪያዎች ይልቅ ከፍ ብሎ በዚያ በተጨናነቀው ሰፈር ይጫወታል። በመሆኑም የልጁ ከንፈር ትንሽ ከሳተ የሚወጣው ድምፅ የጎረቤቱ ይሆናል። ቱቦው ሲያጥር ድምፆቹ ይራራቃሉ፤ መሳትም ይቀንሳል። የሆርን ምርጫ ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አምስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው በኤፍ የተሠራው ነጠላ ሆርን ነው። ድምፁ ሞቅ ያለና ጥልቅ ነው፤ «ሆርን» ሲባል በጆሯችን የሚመጣው ይህ ድምፅ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጀማሪዎች በብዛት የሚጀምሩት በዚህ ነው። የሚደግፉት መምህራን ልጁ ከመጀመሪያው ጆሮውን በትክክለኛው ድምፅ ይስላል ይላሉ። እውነት አላቸው። ጉዳቱ ግን ቱቦው ረጅም በመሆኑ ድምፁን ፈልጎ ማግኘት ለትንሽ ልጅ ትዕግሥት የሚፈትን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው በቢ-ፍላት የተሠራው ነጠላ ሆርን ነው። ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይናገራል፣ ልጁንም ያበረታታል። ድምፁ ከኤፍ ሆርን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሳሳ ይላል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚፈልገው የድምፅ ጥልቀት ሳይሆን «ወጣልኝ!» የሚልበትን ቀን ነው።

ሦስተኛው ኮምፐንሴቲንግ የሚባለው ድርብ ሆርን ነው። ድርብ ሆርን ኤፍንና ቢ-ፍላትን በአንድ አካል ያጣመረ፣ በአውራ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር መሣሪያ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በጀርመን ኤርፉርት ከተማ የክሩስፔ ቤት ያወጣው ፈጠራ ነው። የኮምፐንሴቲንጉ ዓይነት የኤፍ ወገኑ የቢ-ፍላቱን ቱቦ ተውሶ ጥቂት ብቻ የሚጨምርበት በመሆኑ ክብደቱም ዋጋውም ይቀንሳል። አንዳንድ ተጫዋቾች የኤፍ ወገኑ ትንሽ ይታፈናል ይላሉ።

አራተኛው ሙሉው ድርብ ሆርን ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ቱቦ አላቸው። የኦርኬስትራ ተጫዋች መሣሪያ ይህ ነው። ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አዲሱ ደህና ሥራ በብዙ ሺህ ፓውንድ ይሸጣል።

አምስተኛው ለትንንሽ ልጆች ተጠጋግቶ የተጠቀለለው አነስተኛ የቢ-ፍላት ሆርን ነው። የለንደኑ ሠሪ ፓክስማን «ፕሪሞ» በሚል ስም ያወጣው ለዚህ ነው። ክንዱ ላልጠነከረ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ ቶሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በተከታታይ ለሚገቡ ትንንሽ ልጆች የሚያውለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይግዛው፤ የሁለተኛ ደረጃ ባንድ ግን ገንዘቡን እዚህ ላይ ባያውል ይሻላል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የሚያደናግረው አንድ መሣሪያ አለ፤ ቴነር ሆርን ይባላል። በእንግሊዝ የብራስ ባንድ ባህል ውስጥ የከበረ ቦታ አለው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ለመጀመርም ይቀላል። ነገር ግን ማውዝፒሱም፣ አያያዙም፣ ድምፁም ሌላ ነው። ከብራስ ባንድ ጋር ለሚጫወት ትምህርት ቤት ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የሆርን ምትክ ነው ብሎ መግዛት ግን ስሙን አይቶ ማግባት ይሆናል።

መግዣ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር

የሆርን ኖታ የሚጻፈው በኤፍ ነው፤ መሣሪያው ቢ-ፍላት ቢሆንም። ስለዚህ አንዱ ኖታ በሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ ጣት ይጫወታል። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውን በሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ጂ እንውሰድ፦ በኤፍ ሆርን ምንም ቫልቭ አይነካም፤ በቢ-ፍላት ሆርን ግን የመጀመሪያው ቫልቭ ይጫናል። አንድ መምህር በሠላሳ ደቂቃ ትምህርት አራት ልጆችን ሲያስተምር ሁለቱ በኤፍ፣ ሁለቱ በቢ-ፍላት ከሆኑ፣ ግማሹ ጊዜ «አንተ እንዲህ፣ አንቺ እንዲያ» በማለት ያልቃል። ርካሽ ተገኘ ተብሎ ከየቦታው የተለቃቀመ ስብስብ እዚህ ላይ ውድ ይሆናል። ጀማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃና ይያዙ። በቢ-ፍላት የጀመረ ልጅ ወደ ድርብ ሆርን ሲያድግ የለመደው ጣት በቢ-ፍላቱ ወገን ስለሚሠራለት አዲስ የሚማረው የኤፉን ወገን ብቻ ነው።

አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ ስም የለሽ?

በአዲስ መሣሪያ ገበያ የትምህርት ቤቶች ዋና ስም ያማሃ ነው። ለጀማሪ በኤፍ 314፣ በቢ-ፍላት 322 የተባሉ ነጠላዎች፣ ለሚያድጉት ደግሞ 567 የተባለው ድርብ አሉት። ሥራው ወጥ ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል፤ ከዓመታት በኋላ ሲሸጥም ዋጋውን አይጥልም። ከዚህ ዝቅ ባለ ዋጋ የሚገኘው የጆን ፓከር ሥራ ነው፤ ኩባንያው በእንግሊዝ ቶንተን ከተማ ተቀምጦ መሣሪያውን በቻይና ያሠራል። ከቼክ የሚመጡ የሊድልና የአማቲ ሆርኖችም በየትምህርት ቤቱ ይታያሉ። የጀርመኑ አሌክሳንደርና የለንደኑ ፓክስማን ሙሉ ሥራዎች የባለሙያ ናቸው፤ ለትምህርት ቤት በጀት አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በታች በጥቂት መቶ ፓውንድ በኢንተርኔት የሚሸጥ ስም የለሽ ሆርን አለ። ከሩቅ ያብረቀርቃል። የሚያስፈራው የተሠራበት አገር አይደለም፤ ጆን ፓከርም ከዚያው ከቻይና ነው። የሚያስፈራው ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። መለዋወጫ የለውም፤ ብዙ ጠጋኞችም የጥገናው ዋጋ ከመሣሪያው ስለሚበልጥ አይቀበሉትም። ልጁም ቫልቩ ሲጣበቅ የሚያፍረው በመሣሪያው ሳይሆን በራሱ ነው። «አልቻልኩም» ብሎ የተወ ስንት ልጅ አለ፤ ያልቻለው ግን መሣሪያው ነበር።

ስለዚህ ለድሃ ትምህርት ቤት ትልቁ በር ያገለገለ፣ ስም ያለው መሣሪያ ነው። ለንደን በዚህ ዕድለኛ ናት። በ1930 በውህደት የተመሠረተው መሣሪያ ሠሪው ቡዚ ኤንድ ሆክስ በሰሜን ለንደን ኤጅዌር ፋብሪካ ነበረው፤ ፋብሪካው እስከ 2001 ድረስ ለአገሩ ትምህርት ቤቶችና ባንዶች መሣሪያ ያቀርብ ነበር። የመሃል ለንደንን ትምህርት እስከ 1990 ያስተዳድር የነበረው ባለሥልጣን ሲፈርስ የሙዚቃ ትምህርቱ ለየካውንስሉ ተከፋፈለ። ከዚያ ዘመን የተረፉ መሣሪያዎች ዛሬም በየሙዚቃ ክፍሉ ቁም ሳጥን ሊገኙ ይችላሉ። አዲስ ከመግዛት በፊት የራስን ቁም ሳጥን መክፈት ምንም አያስከፍልም።

ያገለገለ ሆርን ሲታይ እነዚህን ማረጋገጥ ይበቃል። አንደኛ፣ ስላይዶቹ (ከቱቦው ላይ የሚሳቡት ክፍሎች) ሁሉ ይወጣሉ? የተጣበቀ ስላይድ የጠጋኝ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ቫልቩን ሳይጫኑ የቫልቩን ስላይድ ፈጠን አድርገው ሲስቡት «ፖፕ» የሚል ድምፅ ከሰጠ አየር አያስወጣም፤ ድምፅ ካልሰጠ ቫልቩ አልቋል፤ ያለቀ ቫልቭ ማደስ ደግሞ ከጥገና ሁሉ ውዱ ነው። ሦስተኛ፣ ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይታያል? ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ዚንኩ ሲበላ መዳቡ ብቻውን ቀርቶ ይቀላል፤ ቱቦው ከውስጥ እየበሰበሰ ነው ማለት ነው። አራተኛ፣ ማውዝፒሱ ይነቀላል? የተጣበቀውን በጉልበት መታገል ቱቦውን ያጣምመዋል፤ ለዚህ የተሠራ መንቀያ አለ። በሰፊው አፍ ላይ ያለ ጭርምት ለዓይን ይከፋል እንጂ ለድምፅ ብዙም አይጎዳም፤ ዋጋ ለማስቀነስ እንዲያውም ይጠቅማል። ቫልቩን የሚያዞረው ክር ቢበጠስም አትደንግጡ፤ ክሩ ርካሽ ነው፤ ማሰሩንም መምህሩ በአንድ ከሰዓት ሊማረው ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው መንገድ መዋስ ነው። በእንግሊዝ የሙዚቃ ትምህርት በ«ሙዚቃ ሀብ» በሚባሉ አካባቢያዊ ቅንጅቶች ይደገፋል፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ቁጥራቸው 43 ሆኗል። መንግሥት ከዚሁ ጋር ለመሣሪያና ለቁሳቁስ 25 ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል። ስለዚህ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚሸጠውን ሱቅ ሳይሆን የአካባቢውን ሀብ ነው፦ «የምታውሱን ሆርን አላችሁ ወይ?» ሆርን የሚፈልግ ልጅ ጥቂት ስለሆነ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሆርን ማግኘት እንደ ቫዮሊን አስቸጋሪ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ለወላጆች ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማርና እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ መሣሪያ መጫወት የሚማር ልጅ፣ ወላጁ መሣሪያውን በትምህርት ቤቱ በኩል ያለ ቫት እንዲገዛለት የሚፈቅድ ሥርዓት አለ። ትምህርት ቤቱ ይገዛል፣ ለወላጁም ትርፍ ሳይጨምር ያስተላልፋል። ቫት 20 በመቶ ስለሆነ በሱቅ 1,200 ፓውንድ የተባለው መሣሪያ 1,000 ፓውንድ ይሆናል። ብዙ ወላጆቻችን ይህን ሳያውቁ ሙሉውን ከፍለዋል። በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ጥያቄ መጠየቅ 200 ፓውንድ ያድናል።

ሦስተኛው «ቴክ ኢት አዌይ» የሚባለው ከወለድ ነጻ የክፍያ መርሐ ግብር ነው፤ በአባል ሱቆች በኩል ዋጋውን ከፋፍሎ ለመክፈል ያስችላል። ወለድን በሃይማኖትም ሆነ በጥንቃቄ ለሚሸሽ ቤተሰብ ይህ መልካም መንገድ ነው። አራተኛው የእኛው ባህል ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በዕቁብ ልማድ ያደገ ማኅበረሰብ ለአንድ ያገለገለ ሆርን የሚሆን ገንዘብ በጥቂት ወራት ሊሰበስብ ይችላል።

የማይታየው ወጪ

ሆርን ተገዝቶ አያልቅም። የቫልቭ ዘይት፣ የስላይድ ቅባት፣ በየጊዜው የጠጋኝ እጥበት፣ ደህና ማውዝፒስ ይፈልጋል። ቦርሳውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በለንደን ከ11 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በዚፕ ካርዱ በአውቶቡስ በነጻ ይሄዳል፤ ግን ያ አውቶቡስ በጠዋት ሰው አጨናንቆታል። ሰፊው አፍ የሚፈታ ሆርን ጠፍጣፋ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ ልጁ በጀርባው ይዞት ይሄዳል። የማይፈታው ትልቅ ሣጥን ያለው ሆርን ግን በትምህርት ቤት ይቀራል፤ በቤት የማይለማመዱበት መሣሪያ ደግሞ አይለመድም። በፎቅ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ድምፅ የሚያፍን የልምምድ ሚውትም ቢታሰብበት ከጎረቤት ጋር ሰላም ያቆያል።

ከታሪክ የምንወስደው

ለንደን ለሆርን ባዕድ ከተማ አይደለችም። ሐምሌ 17 ቀን 1717 ሄንድል «የውሃ ሙዚቃ» የተባለውን ድርሰት በቴምዝ ወንዝ ላይ ለንጉሥ ቀዳማዊ ጆርጅ ሲያሰማ ሆርኖች በጀልባ ላይ ነበሩ። በዚህችው ከተማ በ1921 የተወለደው ዴኒስ ብሬን በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት የሆርን ተጫዋች ሆነ። እሱ በ1956 በሮያል ፌስቲቫል ሆል መድረክ ላይ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ የሊዮፖልድ ሞዛርትን ኮንሰርቶ ተጫውቷል። አዳራሹ ሳቀ፤ ለመምህራን ግን በውስጡ ትልቅ ትምህርት አለ። ሆርን በመሠረቱ ቱቦና ከንፈር ነው። አንድ ክንድ ሁለት ክንድ ጎማ፣ አንድ ማውዝፒስና አንድ ማንቆርቆሪያ የያዘ መምህር ሳንቲም ሳያወጣ ሠላሳ ልጆችን ሞክሮ ሆርን የሚስማማቸውን አራቱን ሊለይ ይችላል። መግዛት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የአገራችን የባንድ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ዛር ለዳግማዊ ምኒልክ 40 የናስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲያመጡ ልጆቹ ብቻቸውን አልመጡም፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጣ። «አርባ ልጆች» የተባለው ባንድ ስም ያተረፈው፣ መምህሩም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ለመድረስ የበቃው፣ መሣሪያና መምህር አብረው ስለነበሩ ነው። መሣሪያ ያለ መምህር ዝም ያለ ብረት ነው። በጀቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ መሣሪያውን ተውሶ ለመምህሩ መክፈል ይገባል።

ፍርዱ

ያለኝን ላጠቃልል። አንድ ትምህርት ቤት ለሆርን ክፍሉ 5,000 ፓውንድ ቢኖረው፣ 3,500ውን ለመሣሪያ፣ 1,000ውን ለሦስት ዓመት ጥገና፣ 500ውን ለማውዝፒስ፣ ለቦርሳና ለዘይት እንዲከፍለው እመክራለሁ። በ3,500ው አራት ድርብ ሆርን ለመግዛት አይሞክር። ለጀማሪዎቹ ሁለት ያገለገሉ የያማሃ ቢ-ፍላት ነጠላዎች፣ ለሚያድገው ልጅ አንድ ያገለገለ ድርብ ይፈልግ፤ አራተኛውን ከሀብ ይዋስ። አንድ ጀማሪ ሲያድግ ድርቡን ይረከባል፤ ነጠላውም ከታች ለሚመጣው ይተላለፋል። ኤፍ ነጠላን የሚወዱ መምህራን ቢቃወሙኝ እረዳቸዋለሁ፤ መምህሩ በኤፍ ማስተማር ከለመደ ሁሉንም ኤፍ ያድርግ። መቀላቀል ብቻ አይገባም። በበጀት ዓመቱ ማብቂያ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛ መሣሪያ ግን ይቅር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቡ ወደ ብሪታንያ የላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ በዌልስ ሙዚቃን አገኘ፣ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ፣ ዓለምም ዛሬ በሙዚቃው ያውቀዋል። ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሆርን መረጥኩ» ሲል ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚዋስ ሆርን አለ ወይ? ያለ ቫት መግዛት ይቻላል ወይ? የሚያስተምረውስ ማን ነው? የሦስቱን መልስ ሳይሰሙ አይግዙ።